ቫሌንሲያ፦ ውሃ ያበጀው ገበታ

ቫሌንሲያ በስፔን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ቱሪያ የተባለው ወንዝ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚወርድበት ለም ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ138 ዓመት መሠረቷት፤ ከ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሙስሊም ገዥዎች አስተዳደሯት፤ እ.ኤ.አ. በ1238 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደግሞ የአራጎኑ ንጉሥ ጃውሜ ቀዳማዊ ያዛት። ዛሬ ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ያላት፣ ከማድሪድና ከባርሴሎና ቀጥላ የአገሪቱ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ገዥ ሲቀያየር ግን በሙስሊሞቹ ዘመን ከቱሪያ ተጠልፎ በየማሳው የተዘረጋው የመስኖ ቦይ አልደረቀም። የከተማዋ ሩዝም፣ ብርቱካንም፣ አትክልትም የዚያ ውሃ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ብቻ ያላቸው ጓደኛሞች ውሃውን ተከትለው ቢዞሩ የከተማዋን ምግብና ታሪክ አንድ ላይ ያገኛሉ። ለዚህም ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ የሚመረጠው ሐሙስ ነው፤ ምክንያቱ እኩለ ቀን ላይ ይታያል።

ጠዋት የሚጀመረው ከማዕከላዊው ገበያ ነው። በብረት፣ በመስታወትና በቀለማት ባሸበረቀ ሸክላ የተሠራው ይህ አዳራሽ ከ1914 እስከ 1928 ተገንብቶ ከ8 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ ከማለዳ እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል። ብርቱካንና ቲማቲም በየመደቡ ይከመራል፤ የዓሣው ክፍል ለብቻው ነው፤ በአንዳንድ መደብ ላይ ቀንድ አውጣ ከነሕይወቱ በመረብ ታስሮ ይሸጣል። አካባቢው ጎብኚ የሚበዛበት ቢሆንም የሰፈሩ ሰው ዛሬም አስቤዛውን የሚገዛው ከዚሁ ነው። የገበያው ትልቁ ክብርም ይህ ነው።

ረፋዱ ላይ ቫሌንሲያውያን «ኤስሞርሳሬት» የሚሉት ሁለተኛ ቁርስ ይመጣል። መነሻው ማሳ ላይ ሲሠሩ ያረፈዱ ገበሬዎች ልማድ ነው። ረጅም ዳቦ በእንቁላል፣ በሥጋ ወይም በዓሣ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ከጎኑ ኦቾሎኒና የወይራ ፍሬ አይጠፋም። መዝጊያው ከሎሚ ልጣጭና ከቀረፋ ጋር በተቃጠለ ሩም አልኮል ላይ የሚፈስ ቡና ነው። የከተማዋ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተው በቡድን ተቀምጠው ይበሉታል፤ ለብቻ የሚበላ ምግብ አይደለም።

ከገበያው ፊት ለፊት የሐር ንግድ አዳራሹ ቆሟል። ቫሌንሲያ በሐር በበለጸገችበት ዘመን፣ ከ1482 እስከ 1533 የተሠራ ሲሆን ዩኔስኮ በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጣሪያውን የተሸከሙት ዓምዶች እንደ ገመድ የተገመዱ ድንጋዮች ናቸው። በግድግዳው ዙሪያ በላቲን የተጻፈው ቃል በንግግሩ የማያታልል፣ ለባልንጀራው የማለውን የሚጠብቅና ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ነጋዴ ሀብትንም የዘላለም ሕይወትንም እንደሚያገኝ ይናገራል። ቃሉን የማያከብር ነጋዴ ደግሞ የሚታሰርበት ክፍል በዚያው ሕንፃ ግንብ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ጥቂት መንገዶች አለፍ ብሎ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት የውሃ ፍርድ ቤቱ ይሰየማል። ገበሬዎች የመረጧቸው ስምንት የውሃ አባቶች ጥቁር ቀሚስ ለብሰው በክብ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ከቱሪያ የሚወጣ የአንድ ቦይ ወኪል ናቸው። አስተናባሪው የየቦዩን ስም እየጠራ ተከሳሽ እንዳለ ይጠይቃል። ተራውን ሳይጠብቅ ውሃ የጠለፈ ወይም ቦዩን ሳይጠርግ የቀረ ገበሬ በቃሉ ይመልሳል። ሙግቱ ሁሉ በቫሌንሲያ ቋንቋ በቃል ነው፤ የተከሳሹ ቦይ ዳኛ በውሳኔው አይሳተፍም፤ ይግባኝም የለም። ብዙ ጊዜ ከሳሽ ስለሌለ ጉባኤው በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናል፤ ይህም ዳኞቹ የሚከበሩ ስለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2009 የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ካቴድራሉ ራሱ በ1262 በመስጊድ ቦታ ላይ መሠራት የጀመረ ነው። በውስጡ ብዙ ምእመናን ጌታ በመጨረሻው እራት የባረከው ነው ብለው የሚያከብሩት የድንጋይ ጽዋ ይገኛል። ጽዋው በ1437 ለካቴድራሉ የተሰጠው በአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ ዘመን ነበር። ይህ ንጉሥ ለኢትዮጵያ ታሪክ ባዕድ አይደለም፤ አፄ ይስሐቅ በ1420ዎቹ መገባደጃ መልእክተኞች ልከውለት የተቀበላቸው በዚችው ቫሌንሲያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት በጋብቻ የሚጸና ወዳጅነትና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን ነበር።

ምሳ ከስምንት ሰዓት በፊት አይታሰብም፤ ምሳው ደግሞ ፓኤያ የተባለው የሩዝ ምግብ ነው። ቫሌንሲያውያን ፓኤያን ለእራት አይበሉም፤ ይከብዳል ይላሉ። ደንበኛው የቫሌንሲያ ፓኤያ የባሕር ምግብ የለበትም። ሰፊና ጎድጓዳ ባልሆነ ብረት ምጣድ ላይ የወይራ ዘይት ይግላል፤ የዶሮና የጥንቸል ሥጋ በዝግታ ይጠበሳል፤ ፎሶሊያና ትልልቅ ነጭ አደንጓሬ ይከተላል፤ ቲማቲምና ጣፋጭ የቃሪያ ዱቄት ተጨምሮ ውሃ ይገባል። ሽንኩርት አይገባም። ሥጋው መረቁን ካወጣ በኋላ ሳፍሮንና ሩዙ ይጨመራል፤ ከዚያ ወዲያ ማማሰል ክልክል ነው። የጥብስ ቅጠል ከላይ ጣል ይደረግበታል። እሳቱ የብርቱካን እንጨት ከሆነ ጭሱ ራሱ ቅመም ነው። ሩዙ መረቁን ጠጥቶ ሲጨርስ ከምጣዱ ሥር የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት «ሶካራት» ይባላል፤ ለዚያ የማይሻማ የለም።

ምግብ ቤቶች ፓኤያን ቢያንስ ለሁለት ሰው ይሠራሉ፤ ቀድሞ ማዘዝም ይበጃል። በልማዱ ምጣዱ ከመሐል ተቀምጦ ሁሉም በእንጨት ማንኪያ ከፊቱ ያለውን እየበላ ወደ መሐል ይገፋል፤ ወደ ሌላው ፊት መሻገር ነውር ነው። ጥንቸል ለማይበላ እንግዳ የአትክልት ወይም የባሕር ምግብ ሩዝ በየቦታው አለ።

ከምሳ በኋላ መራመድ ግድ ነው፤ ለዚህም ቱሪያ አለ፣ ውሃ የሌለበት ቱሪያ። ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ለወንዙ በደቡብ በኩል አዲስ መውረጃ ቆፍሮ አሮጌውን አልጋ አውራ ጎዳና ሊያደርገው አቀደ። ነዋሪዎች ግን አልጋው የእኛ ነው፣ አረንጓዴ ይሁን ብለው ታገሉ፤ አሸነፉም። ዛሬ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መናፈሻ ሆኖ ብስክሌት ነጂና ሯጭ ይሞላዋል። ኢትዮጵያዊቷ ሯጭ ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ የሰበረችው በዚሁ አልጋ ውስጥ ባለው ስታዲየም ነው። የአዲሱ መውረጃ ነገር ግን ያልተዘጋ ቁስል ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በወረደው ዶፍ መሐል ከተማው ሲተርፍ ከመውረጃው ማዶ ያሉት ከተሞች በጎርፍ ተመቱ፤ በግዛቱ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ።

መናፈሻው በታችኛው ጫፍ ከኪነ ጥበብና ሳይንስ ከተማ ይደርሳል። የቫሌንሲያ ተወላጁ ሳንቲያጎ ካላትራቫ ነጫጭ ሕንፃዎቹን፣ ፌሊክስ ካንዴላ ደግሞ በ2003 የተከፈተውን የባሕር እንስሳት ማዕከል ነድፈዋል። ከውጭ ማየቱ ለአንድ ቀን ይበቃል።

የከሰዓቱን ድካም የሚያበርደው ኦርቻታ ነው። ከቀጤማ ወገን የሆነች ቹፋ የተባለች ተክል ከሥሯ የምታፈራት ትንሽ እንክብል ታጥባ፣ ተዘፍዝፋና ተፈጭታ ከተጨመቀች በኋላ በውሃና በስኳር ትበጠበጣለች። ወተት የለበትም፤ ጿሚም ይጠጣዋል። ምርጡ የሚገኘው ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው አልቦራያ ሲሆን፣ እርሻውም ሱቁም እዚያው ነው።

ምሽቱን ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ካባንያል ሰፈር መሄድ ይሻላል። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ቤቶቹ ፊታቸው በቀለማም ሸክላ የተለበጠ ነው። ሰፈሩን ሰንጥቆ ወደ ባሕር የሚወጣ ጎዳና ታቅዶ ብዙ ቤቶች ሊፈርሱ ሲሉ ነዋሪዎቹ ዓመታት ተሟግተው አስቀርተውታል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መጠጥ ቤቶቹ ይሞላሉ፤ የሰፈሩ ምግብ ቲታይና፣ ማለትም ቲማቲምና ቃሪያ ከጨው ከተቀመጠ የቱና ዓሣ ጋር የተቁላላበት፣ በዳቦ ይበላል። የሩዙ ማሳና የአልቡፌራ ሐይቅ ግን ከከተማዋ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ።