አሳይታ ላይ ክረምት ያወረድንበት ሌሊት

ኮምፒውተር የተማረ ሰው በዘመድ አዝማድ ዘንድ ሁሉን አዋቂ ነው። ስልክ ሲበላሽ፣ ፕሪንተር አልሠራ ሲል፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ሲጠፋ ሳይቀር የሚጠራው እሱ ነው። እኛም ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ኮድ እየጻፍን ስንኖር፣ ‹‹እናንተማ በአምስት ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ›› የተባልነው ብዛቱ አይነገርም። ዛሬ የምናወጋችሁ በአምስት ደቂቃ ጨርሰነው ሊያዋርደን ስለነበረ አንድ ሥራ ነው።

ጓደኛችን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታዘጋጀው ጥናት ስለ ዝናብ ነበር። ከ12 የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች የ12 ወር መረጃ ሰብስባ በአንድ ሠንጠረዥ ደርድራዋለች፤ ጣቢያዎቹ ወደ ታች፣ ወሮቹ ወደ ጎን። ከእኛ የፈለገችው የእያንዳንዱን ጣቢያ ወርኃዊ አማካይ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በዚያ ላይ ተመሥርታ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ለየትኛው አካባቢ ይቅደም የሚለውን በደረጃ ታስቀምጣለች። እኛም በፓይተን፣ ነምፓይ በሚባለው የቁጥር ሠንጠረዥ መሣሪያ፣ አንዲት መስመር ጻፍን። ኮምፒውተሩ ሳያንገራግር 12 ቁጥሮች ሰጠን። የጣቢያዎቹን ስም አጠገባቸው ደረደርን፤ ግራፍ ሠራን፤ ተኛን።

በማግስቱ ግራፉን ይዘን ቤቷ ሄድን። ቡና እየተፈላ ነው። እናቷ የጎሬ ተወላጅ ናቸው። ወረቀቱን አነሱና መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ ቆዩ።

‹‹ልጆቼ፣ ጎሬን ምን ነካት?››

‹‹ምን ሆነች እማማ?››

‹‹ከሁሉም የደረቀች እሷ ናት ይላላ! አሳይታን ደግሞ ከሁሉ በላይ ይዘንብባታል ይላል።››

‹‹እማማ፣ ያሰላው እኮ ኮምፒውተሩ ነው።››

‹‹ኮምፒውተሩ ጎሬ ሄዶ ያውቃል?››

ቡናው ትን አለን።

ያደረግነው ይኸውላችሁ። መደመር የነበረብን ወደ ጎን ነው፤ የአንዱን ጣቢያ 12 ወሮች። እኛ ግን ወደ ታች ደመርን፤ የአንዱን ወር 12 ጣቢያዎች። ጎሬ በዝርዝሩ አንደኛ ስለነበረች የጃንዋሪ አማካይ ደረሳት፤ በጋው። አሳይታ ስምንተኛ ስለነበረች ኦገስት ደረሳት፤ ክረምቱ ከነግርማው። ነምፓይ ሊያስጠነቅቀን አይችልም ነበር። ለእሱ 12 ማለት 12 ነው፤ የጣቢያ ይሁን የወር ግድ የለውም። ‹ወደ ታች› እና ‹ወደ ጎን›ንም የሚያውቃቸው 0 እና 1 በሚል ቁጥር ነው። የሚያስቀው ነገር፣ መረጃው በእኛ አቆጣጠር ቢሆንና ጳጉሜ ብትገባበት ኖሮ ወሮቹ 13 ይሆኑ ነበር። 13 ቁጥር ከ12 ስም ጋር አልገጥም ሲል ያኔውኑ እንነቃ ነበር። ጳጉሜ ታድነን ነበር ማለት ነው!

በሠንጠረዥ የሚያስቡ ቋንቋዎች ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ካናዳዊው ኬኔት አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ መሠረቱን ጣለ፤ ኤፒኤል የተባለው ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ርዕስ ነው። በ1979ም የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። አንድ ሙሉ ሠንጠረዥን በአንዲት ምልክት ማዘዝ ድንቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ የትኛው ጎን ምን እንደሆነ የሚቀመጠው በጻፊው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የእኛ ጭንቅላት ደግሞ ያን ሌሊት እንቅልፍ አምሮታል።

ከዚያ ውርደት በኋላ ስናነብ ስናነብ ዴክስ ከሚባል ቋንቋ ጋር ተገናኘን። የጉግል ተመራማሪዎች ለሙከራ የሠሩት ሲሆን አዳም ፓሽኬ፣ ዱጋል ማክላውሪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የምርምር ጽሑፍ አቅርበውበታል። ወገኑ ፋንክሽናል ከሚባሉት ቋንቋዎች ነው። በዴክስ ሠንጠረዥ ማለት ልክ እንደ ፋንክሽን ነው፤ ‹ጣቢያ› ስትሰጡት ዝናብ ይመልሳል። ቁም ነገሩ ያ መለያ ራሱ ዓይነት ያለው መሆኑ ነው። ‹‹ለእያንዳንዱ ጣቢያ፣ የወሮቹን ድምር›› ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ተሳስታችሁ ለእያንዳንዱ ወር ብታሰሉና ውጤቱን ጣቢያ በሚጠበቅበት ቦታ ብትከቱት፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ኮምፓይለሩ ‹‹አይሆንም›› ይላል። ሁለቱም 12 መሆናቸው አያታልለውም። የእያንዳንዱ ጣቢያ ስሌት ለብቻው ስለሚቆምም፣ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰሮች አከፋፍሎ ማሠራት ይመቻል።

ጠንቋይ ግን አይደለም። ሰንፋችሁ ሁለቱንም ‹ከ12 በታች የሆነ ቁጥር› ብላችሁ ብቻ ካወጃችኋቸው፣ ዴክስም አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ጣቢያን ጣቢያ፣ ወርን ወር ብሎ መሰየም የእናንተ ፋንታ ነው። ደግሞም ለምርምር የተሠራ ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከነጉድለቱ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የሰው ዲግሪ በአደራ አይሰጠውም።

ስለዚህ ስሌቱን እዚያው በፓይተን አስተካክለን ሰጠናት። ጎሬ ዝናቧን አገኘች፤ አሳይታም ኩሬ ከሚቅደምላቸው ተርታ ተመለሰች። ይህ ነገር ባይታይ ኖሮ በዚያ ጥናት ላይ ውሃ የሚያስፈልጋት አሳይታ ‹‹ዝናብ ተርፏታል›› ተብላ ልትቀር ነበር። ያፈርነውም የደነገጥነውም በዚህ ነው።

ከዴክስ የወሰድነው ቋንቋውን ሳይሆን ልማዱን ነው። ሠንጠረዥ በሠራን ቁጥር ወደ ታች ምን፣ ወደ ጎን ምን እንደሆነ በቃል ሳንጽፍ አንዲት መስመር ኮድ አንነካም። ስሙን የጣለ ቁጥር በማንም ስም ይጠራል፤ ሲጠሩትም ‹‹አቤት›› ይላል።

አሁንም ግራፍ ስንሠራ መጀመሪያ የምናሳየው ለእማማ ነው። እሳቸው ጎሬን ያውቋታል።