ቅጣቱ ቀለለ፣ ሕጉ ግን ሠራ

ከሚሴ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ የሚያይ ሰው፣ እየመራ ያለ ቡድን በረኛ ኳሷን አቅፎ ሲተኛ የሚነሳውን ጩኸት ያውቀዋል። ሕጉ እኮ ድሮም ነበር። በረኛው ኳሷን እንደያዘ 6 ሰከንድ ካለፈ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል ይል ነበር። ግን ጎል አፍ ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት ለመስጠት የሚደፍር ዳኛ ስንቴ አያችሁ? ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጊዜው ወደ 8 ሰከንድ ረዘመ፣ ቅጣቱም ወደ ማዕዘን ምት ወረደ። ዳኛው እጁን አንስቶ የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በጣቱ ይቆጥራል፤ እኛም አብረነው እንቆጥራለን። በረኛው ደግሞ ኳሷን ይለቃል! ተጫዋችን የሚያርመው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን እንደማይቀርለት ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማይቀር ቅጣትን እኛም ቀምሰነዋል። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈው ስንጨፍር፣ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መቅረት ሲገባው ተሰልፎ ነበርና ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ፎርፌ አደረገው። አሞናል፤ ግን ፊፋ ለማንም አላዳላም።

የሚያሳስበኝ የአገር ውስጡ ነው። ሚያዝያ 2010 ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ ፕሪሚየር ሊጉ እስከ መቋረጥ ደርሷል። እዚህ ደረጃ የሚደረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ዳኛውን ከቦ መጮህ ሁልጊዜ በዝምታ ሲታለፍ ነው። በየከተማችን የክረምት ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የመጀመሪያው ከበባ ላይ ቢጫውን የሚያወጣውን ዳኛ ደግፉት።