የጀመዓው ካሜራ እንዴት ተመረጠ?



ባለፈው ዓመት በዚሁ ጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ ላይ የወጣውን የመረብ ኳስ ፎቶ የምታስታውሱ አትጠፉም። ሜዳው ይታያል፣ መረቡም ይታያል። ከመረቡ በላይ ግን ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ነው ያለው። ያ «ጭስ» የመሐል ሜዳው ልጅ ወንድማችን ነው፤ የዋንጫውን የመጨረሻ ነጥብ ሲመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ተመርቆ ወደ መንዝ ሲመለስ ጋዜጣውን ይዞት ሄደ። እናቱ ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ሲያዩት ቆዩና «ታዲያ አንተ የቱ ነህ ልጄ?» አሉት። ይህን በስልክ የነገረን እየሳቀ ነው። እኛ ግን መሳቅ አቃተን።

እኚህ እናት ልጃቸውን በግ እየሸጡ ነው ያስተማሩት። አንድም ቀን ደብረ ብርሃን መጥተው ሲጫወት አላዩትም። ሊያዩት ይችሉ የነበረው በዚያ ፎቶ ነበር፤ እሱንም አበላሸንባቸው። ከጊሼ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የመጡ ጓደኞቻችን ቤተሰቦችም ከዚህ የተለየ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ በስልክ ማንሳቱን ትተን ካሜራ ለመግዛት በሹራ ተስማማን።

ችግሩ ጨዋታዎቻችን አዳራሽ ውስጥ መሆናቸው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከዐስር በኋላ ውጭ ያለውን ብርድና ነፋስ የምታውቁት ነው። የምንጫወትበት አዳራሽ ደግሞ ጥቂት ያረጁ ፍሎረሰንቶች ብቻ ናቸው ያሉት። ለዓይናችን ይበቃል፤ ለካሜራ ግን ጨለማ ነው።

ገንዘቡ በየዶርሙ ተዋጣ። ከሻይ የቆጠበ አለ፣ ለመጓጓዣ የተላከለትን የከፈለ አለ። አማና ነበርና ሦስት ሆነን ወደ አዲስ አበባ ወረድን፤ አንዱ እንዲከፍል፣ አንዱ እንዲጽፍ፣ አንዷ ደግሞ እንድትጠይቅ። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ሻጩ አንድ አዲስ ካሜራ አውጥቶ «24 ሜጋፒክስል ነው፣ ፍላሽም አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን። እውነት ለመናገር፣ ልንከፍል ነበር። ያስቆመችን ፊዚክስ የምታጠናው እህታችን ናት። «ሌንሱ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሻጩ ዋጋውን ነገራት። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ቀዳዳው ስፋት ነበር።

ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አስረዳችን። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን መርምሯል። ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ይጠራል፣ ብርሃኑ ግን ያንሳል። የዛሬው ካሜራም ያው ጨለማ ክፍል ነው። የቀዳዳው ስፋት በሌንሱ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከብዙ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚለው ሌንስ ወደ ሩቅ ሲሳብ 5.6 ነው። ብቻውን የሚሸጠው፣ የማይሳበው ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 1.8 ነው። ሲሰላ ሁለተኛው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌንስ የካሜራው መዝጊያ ለሰከንድ 1/50ኛ መከፈት ካለበት፣ በሁለተኛው 1/500ኛ ይበቃዋል። ዘሎ ኳስ የሚመታ እጅ በ1/50ኛ ጭስ ይሆናል። በ1/500ኛ እጅ ሆኖ ይወጣል። ሜጋፒክስል ለዚህ ምንም አይረዳም። ፍላሹም ከሩቅ አይደርስም፣ ሲደርስም የተጫዋቹን ዓይን ይወጋል።

ባለሙያዎች የሚይዙት ከ70 እስከ 200 የሚሳበውን፣ ቁጥሩ 2.8 የሆነውን ሌንስ ነው። ዋጋውን ሰምተን ወጣን። የቀረን ጥያቄ ያገለገለ ካሜራ ምርጫ ነበር፤ ካነን 6ዲ ወይስ ካነን 80ዲ? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 6ዲ ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር ከ80ዲው በስፋት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ በጨለማ ፎቶው ይጠራል። በሰከንድ የሚያነሳው ግን 4.5 ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 80ዲ 7 ያነሳል። ደግሞም የአምፖሉን መርገብገብ ለይቶ የሚጠብቅ ነገር አለው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንደኛ አዳራሽ ያለ የቆየ ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደክማል። ዓይን አያየውም፤ ፈጣን መዝጊያ ግን ያየዋል፤ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ቢጫ ይሆናል። እኛ ለአዳራሻችን ስንል 80ዲውን መረጥን። መብራቱ የማይርገበገብ አዳራሽ ያላችሁ 6ዲውን ብትመርጡ አንከራከራችሁም።

ከመክፈላችን በፊት ሻጩን ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ጓዳ እንዲያስገባን ለመንነው። አንድ አምፖል ብቻ ነበረው። የመርሐቤቴው ወንድማችን መሐል ቆሞ ይዘልና አየሩን ይመታ ጀመር፤ የሱቁ ሠራተኞች ሳቁብን። በመጀመሪያው ሌንስ እጁ አልነበረም። በሁለተኛው ጣቶቹን ቆጠርናቸው። ከዚያ መዝጊያው እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቀን፣ ባትሪውን አይተን፣ ደረሰኝ ተቀብለን ከፈልን።

ካሜራው ብቻውን ሁሉን አልፈታልንም። በመጀመሪያው ቀን ካነሳነው ከግማሽ በላይ ጣልን። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚጠራው ቦታ ቀጭን ነው፤ ኳሱ ጠርቶ ፊቱ የደበዘዘ ብዙ ነበር። ሌንሱ ስለማይሳብ በእግራችን መጠጋትም ግድ ሆነ፤ አሁን መረቡ አጠገብ ተንበርክከን ነው የምናነሳው። ትልቁን ነገር ያስተማረን ግን ራሱ ጨዋታው ነው፤ የዘለለ ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ ለቅጽበት የቆመ ያህል ነው። ያንን መጠበቅ የለመደ ሰው በደካማ መብራትም ያገኘዋል።

አንድ ደንብም አውጥተናል። እህቶች ሲጫወቱ ካሜራውን የምትይዘው እህት ናት፤ የትኛውም ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። የወጪው ዝርዝርና ደረሰኙ በጀመዓው ገንዘብ ያዥ እጅ ነው፤ ያዋጣ ሁሉ መጥቶ ማየት ይችላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጊሼ ልጅ ኳስ ሲያድን ያነሳነውን ፎቶ አሳትመን ሰጠነው። ጥርሱን ነክሶ፣ ክንዱ ወለል ሊነካ ሲል ነው፤ ፊቱ ይለያል። ለቤተሰቡ በሰው እጅ ልኮታል። የመሐል ሜዳው ወንድማችን ነጥብ ግን አንድ ጊዜ ነበር፣ አለፈ። እናቱን ይቅርታ ብለናል።

ካሜራ መያዝ መማር የምትፈልጉ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ታገኙናላችሁ።