«ገለልተኛ»ው መስታወት

ገለልተኛ የሚባል ነገር በጠፋበት አገር፣ ገለልተኛ የተባለ መስታወት ፍለጋ ገባሁ። ሌንስ ፊት የሚገጠመው ይህ ጥቁር ፊልተር ስሙን ያገኘው ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚያደበዝዝ ነው፤ በጠራራ ፀሐይም የካሜራው መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈት ያስችላል። ባለ 3 ስቶፑ ብርሃኑን ወደ 1/8፣ ባለ 6ቱ ወደ 1/64፣ ባለ 10ሩ ወደ 1/1000 ገደማ ያወርደዋል። እኔም «የጠቆረው ይበልጣል» ብዬ ባለ 10ሩን ገዛሁና አዊ ዞን፣ አዘና ገበያ ዳር ትሪፖዴን ተከልሁ።

በ1/60 ሰከንድ ይነሣ የነበረው ፎቶ 17 ሰከንድ ያህል ፈጀ። ውጤቱን ሳይ ደነገጥሁ። ቤቶቹና ዛፎቹ ጥርት ብለዋል፤ ድንች ተሸክመው ያለፉት እናቶች ግን የሉም። መስታወቱ ማንንም አልጠላም፤ የቆመውን መዘገበ፣ የሚራመደውን ሰረዘ እንጂ።

ስለዚህ ለጀማሪ ምክሬ፦ ባለ 6ቱን አስቀድሙ። በትልቁ ሌንሳችሁ ልክ ይሁን፤ ለትንንሾቹ ማገጣጠሚያ ቀለበት ይበቃቸዋል። በ1 ሰከንድ ውስጥ ወራጅ ውኃ ይለሰልሳል፤ የተራማጁም ጥላ ቢያንስ ይቀራል። ሸክሙን የተሸከመውን ሰው የማያሳይ ገለልተኝነት፣ በመስታወትም ሆነ በብዕር፣ የሚያገለግለው ማንን ይሆን?