ማደሪያችን ዱከም፣ ኑሯችን መርካቶ



ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን በአንድ አነስተኛ ከተማ ብንኖርስ የሚለው ሐሳብ ዛሬ ዛሬ ያልገባበት ቤት ያለ አይመስለንም። በኪራይ የተማረረው፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ የናፈቀው፣ አዲስ ትዳር የያዘው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። እኛ ባልና ሚስት ሐሳቡን ወደ ተግባር ከለወጥነው እነሆ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያተረፍነውንም የከሰርነውንም ሳንደብቅ ብንናገር ገና በማሰብ ላይ ላለ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ተወልደን ያደግነው፣ ተጋብተንም ጎጆ የወጣነው መርካቶ፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ሱቃችን በእግር አምስት ደቂቃ፣ የልጆቹ መድረሳ ከቅያሱ ጫፍ፣ ዘመድ ወዳጁም እዚያው ዙሪያችን ነበር። የነበረን ክፍል ግን አንድ ብቻ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ እኛ ሁለታችን፣ ሦስት ልጆቻችንና በዕድሜ የገፉ እናታችን አንድ ላይ እናድር ነበር። ኪራዩ ደግሞ አከራዩ በፈለገ ጊዜ ይጨምራል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪውም ገደብ እንዲኖረው የሚያዘው አዋጅ የወጣው በ2016 ዓ.ል. ነው፤ በእኛ ጊዜ ተከራይ የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም።

በ2005 የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲካሄድ አብዛኛው ዋጋ በወለድ ብድር የሚሸፈን ስለነበር ልባችን አልቀበል ብሎ ቀርተናል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ነውና ያኔ ሌላ አማራጭ አላየንም። ስለዚህ የእቁቡን ዕጣ፣ የሰርጉን ወርቅና የአስር ዓመት ቁጠባችንን አንድ ላይ አድርገን በ2014 መጀመሪያ ላይ ዱከም ውስጥ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከነግቢው ገዛን። ያለ ወለድ የገባንበት የራሳችን ጣሪያ በመሆኑ የመጀመሪያውን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደንም። አልሐምዱሊላህ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ግቢያችን ውስጥ ቆመን ስንመለከት የየረር ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። ጎመንና ቃሪያ ተከልን፤ ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉ «ዝም በሉ፣ ጎረቤት ይሰማል» ማለት ቀረ። እናታችን ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ፀሐይ ሲሞቁ ማየት ብቻውን ለቤቱ የከፈልነውን ያህል ዋጋ ነበረው።

ችግሩ መንገዱ ላይ ነበር። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሲነገር ቅርብ ነው። ነገር ግን የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ከሚርመሰመሱበት ቃሊቲ ላይ የቆመ ታክሲ መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሱቁን የያዘው አባት ሱብሒን ቤት ሰግዶ በጨለማ ይወጣል፤ ከዒሻ በኋላ ልጆቹ ከተኙ ይመለሳል። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር የታክሲውም ሒሳብ እየከበደ ሄደ። በመጀመሪያው ረመዳን አብዛኛውን መግሪብ ያገኘነው መንገድ ላይ ነው። ከማናውቀው ተሳፋሪ በተሰጠን ቴምር ስናፈጥር፣ እቤት ደግሞ ሾርባው ቀዝቅዞ ልጆች አባታቸውን ይጠብቃሉ።

እናትም ብትሆን ከዱከም ኑሮ ጋር አልተዋወቀችም ነበር። ዱከም አዲስ አበቤው ለስጋ የሚሄድባት ከተማ ናት ይባላል፤ እኛ ግን በሰፈራችን የሙስሊም ሥጋ ቤት ስላላገኘን ስጋውን ከመርካቶ በፌስታል ተሸክመን እንመጣ ነበር። ቅመሙም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሐኪሙም፣ ቅዳሜና እሁድም መርካቶ ነበሩ። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ሮቶው ሲደርቅ፣ መብራት ሲሄድ፣ የበጋው ነፋስ አቧራውን ሲያራግፍብን ደግሞ «ምን አመጣን?» እንባባል ነበር።

አንድ ቀን የመድረሳው ኡስታዝ የስምንት ዓመት ልጃችንን «ቤታችሁ የት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁም «ቤታችን መርካቶ ነው፤ እዚህ የምናድረው ነው» ብሎ መለሰ። ኡስታዙ እየሳቁ ነገሩን። እኛም አብረን ሳቅን። ልጁ ይህን የተማረው ከማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልጠየቅንም።

እናታችን የተዋቸው ሰዎች

በ2015 ክረምት እናታችን ታመሙ። ሌሊት ላይ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ መኪና ከየት እንደሚገኝ እንኳ አናውቅም ነበር። ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረው የባጃጅ ሾፌር በሩን ሳናንኳኳ የኡሚን ማቃሰት ሰምቶ መጣ። ስሙን የጠየቅነው ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። እሱ ግን የእናታችንን ስም ያውቅ ነበር። ከጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባልን፤ አምቡላንስ እስኪገኝ ብዙ ጊዜ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ቆይተው ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

«የት እንቅበራቸው?» የሚለው ጥያቄ አስጨነቀን። ዘመዶቻችን ኮልፌ አሉ። እኛም ወደዚያው አዘንብለን ነበር፤ ዱከም ውስጥ ማን ያስተዛዝነናል ብለን። ከሆስፒታል ስንደውል ግን ልብሳቸውን ልትይዝልን ቤት የቀረችው ትልቋ ልጃችን «ግቢው ሞልቷል፣ ድንኳን ተክለዋል፣ የዱከም መስጊድ ጀመዓዎችም መቃብሩን ሊቆፍሩ ተነስተዋል» አለችን። እናታችን ራሳቸው ለአንዲት ጎረቤት «እኔን ጎረቤቶቼ ይቅበሩኝ» ብለዋት ኖሯል። ዱከም ቀበርናቸው።

በእነዚያ ቀናት ያየነውን መቼም አንረሳውም። እኛ ስንወጣና ስንገባ በሩን ብቻ የምናውቀው ቤት ሁሉ ሰው ነበረበት። አፋን ኦሮሞ የማይችሉት እናታችንና አማርኛ የማይቀናቸው አዛውንት ጎረቤታችን በየማለዳው «አካም ቡልተኒ» ተባብለው አብረው ቡና ይጠጡ ነበር። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ደመወዟን ስትቀበል ስኳር ታመጣላቸው እንደነበር እያለቀሰች ነገረችን። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንዳይቸግረን አስበው ሽሮ፣ ንፍሮና እንጀራ አመጡ፤ ሙስሊሞቹ ወጡን ሠሩ። የእድራችን አባል አልነበርንም፤ ቢሆንም የእድሩ ወንበርና ድስት ቤታችን ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከዚያው ቅያስ አንድ ሰው ሲሞት እኛ መርካቶ ስለነበርን ለቅሶ አልደረስንም ነበር። ማንም አላስታወሰንም። እኛ ግን አስታወስን፤ አፈርንም።

ለካስ ከቤታችን ውስጥ ዱከም የኖረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አዛውንቷ እናታችን። እኛ ያማረርናት ከተማ ገና ያልኖርንባት ከተማ ነበረች። ጎረቤት ወራሽ ይሆን ይሆን እስኪባል ድረስ ሐቁ ከፍ ያለ መሆኑን በልጅነታችን ተምረናል፤ ስለዚህ ነገር በሰው ፊትም ተናግረናል። ሐቁን የጠበቁልን ግን እነሱ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ

እድር ገባን። ከመርካቶ ሱቅ ግማሹን ለወንድማችን ለቀን ዱከም ላይ አነስተኛ ሱቅ ከፈትን። ገቢያችን እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም። ነገር ግን አባት በሳምንት አምስት መግሪብ ከልጆቹ ጋር ይሰግዳል። ጁምዓን ከአንዋር ወደ ዱከም አዛወርነው። ትንሹ ልጃችን አፋን ኦሮሞ በጥቂት ወራት ለመደ፤ ዛሬ ለእኛ የሚያስተረጉምልን እሱ ነው። ትልቋ ግን በቁቤ መማር ከብዷት አንድ ዓመት ሙሉ ውጤቷ ወርዷል፤ የጓደኞቿም ናፍቆት እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ከበድ ላለ ሕመም አሁንም ወደ አዲስ አበባ መሮጥ አለ። ሁሉም ነገር አልተቃናም።

ለሚያስቡበት ወገኖች

አንደኛ፣ ካርታ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። «የገበሬ ቦታ ነው፣ የመንደር ውል ይበቃል» የሚል ደላላ ቢያባብላችሁ በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብለው የፈረሱትን ብዙ ቤቶች አስታውሱ። ሰነዱን ከሰጠው ማዘጋጃ ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉ በ2015 ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለሉ ቦታዎች ደግሞ ፋይሉ ዛሬ የት እንደሚገኝ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መሸኛ ከማውጣታችሁ በፊት አስቡ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግባችሁ የምትጠባበቁ ከሆነ ነዋሪነታችሁን ስትለቁ ምን እንደምታጡ አስቀድማችሁ እወቁ።

ሦስተኛ፣ መንገዱን በሥራ ቀን፣ በምትወጡበትና በምትመለሱበት ሰዓት ቢያንስ አንድ ሳምንት ሞክሩት። በእሁድ ጠዋት የታየ መንገድ ያታልላል። የታክሲውን ሒሳብ ከኪራዩ ጋር አስተያዩት፤ ከልጆቻችሁ የምትወስዱትን ሰዓትም በዚያው ላይ ደምሩት።

አራተኛ፣ መስጊዱን፣ መድረሳውን፣ ጤና ጣቢያውንና ትምህርት ቤቱን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ልጆቻችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማሩ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እናንተም ከእነሱ ጋር ተማሩ።

አምስተኛውና ዋናው፣ ከሄዳችሁ ሂዱ። ግማሽ ልብ መርካቶ ትታችሁ ግማሹን ይዛችሁ አትሂዱ። በገባችሁበት ሳምንት የግራና የቀኝ ጎረቤታችሁን ስም ጠይቁ፣ እድር ግቡ፣ ለቅሶም ሰርግም ድረሱ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን አባባል እኛ የተረዳነው ዘግይተን ነውና እናንተ አትዘግዩ።

ባለፈው ዒድ አል-አድሐ ከመርካቶ የመጡ ዘመዶቻችን ልጃችንን «መቼ ነው ወደ ቤት የምትመለሱት?» ብለው ቀለዱበት። ልጁ ግራ ተጋብቶ አያቸውና «ቤት ነው ያለነው» አላቸው።

አላህ ለሁላችንም መልካም ጎረቤት ይስጠን፤ እኛንም ለጎረቤቶቻችን መልካም ያድርገን። አሚን።