ስለ ከሰልና ስለ ብረት ጉርብትና

በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ በሚባለው ሠፈር ጋቦዬ የተባሉት ወገኖች በብዛት ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል ቱማል የሚባሉት ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። የእጃቸውን ሥራ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ጋብቻቸውን ግን ብዙ ሰው ይሸሻል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በትግርኛ ቀጥቃጢ፥ በአማርኛ ቀጥቃጭ የሚባለው ባለ እጅ፥ ማረሻውን ሠርቶ ሲሰጥ ሲመሰገን፥ ዞር ሲል ቡዳ እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አስነግረው ነበር።

ስለ ከሰልና ስለ ብረት የዛሬው ሳይንስ የሚናገረውን ባነበብሁ ጊዜ ይህ ጉዳይ ይታሰበኛል። ከሰልና የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ግራፋይት ሁለቱም በካርቦን የተገነቡ ናቸው። ከግራፋይት አንዲት ንጣፍ ብቻ ብትለይ ግራፊን ትባላለች፤ ውፍረቷ የአንድ አቶም ነው፥ አቶሞቿም እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን ሠርተው ተሰድረዋል። ይህችን ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር የለዩት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኤሌክትሮኖቿ ክብደት እንደሌላቸው ሆነው ይሮጣሉ፤ የጉልበታቸውም ሥርዓት በሥዕል ሲነደፍ ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ ሁለት ሾጣጣዎችን ይመስላል።

ነገር ግን ንጣፏ በብረታ ብረት ላይ ስታርፍ ጠባይዋ እንደ ጎረቤቷ ይሆናል። ኒኬል አጥብቆ ይይዛታል፤ ኤሌክትሮኖቿ ከእርሱ ኤሌክትሮኖች ጋር ስለሚደባለቁ ሾጣጣዎቹ ይፈርሳሉ። ኢሪዲየም ግን ራቅ አድርጎ ይሸከማታል፤ ስለዚህ ጠባይዋ በአብዛኛው ይጠበቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ በኒኬሉና በንጣፏ መካከል ስስ የወርቅ ንብር ሲገባ የጠፋው ጠባይ ተመልሶ መታየቱ ነው። ንጣፏ ያችው ናት፤ የተለወጠው ያረፈችበት ነው።

እርግጥ ሰው አቶም አይደለም፤ ሕሊናና ፈቃድ አለው። ቢሆንም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድን ወገን ስንመዝን፥ «ባሕርዩ እንዲህ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ያረፈበትን ስፍራ ልንመረምር ይገባናል። ለቀጥቃጭ ልጅ ትምህርት ቤትና ትክክለኛ ፍርድ ቢደርሱለት፥ በእርሱና በንቀት መካከል እንደ ገባ ወርቅ ይቆጠራሉ። ይህን ማድረግ ደግሞ ከችሮታ ሳይሆን ከሥራችን የሚቈጠር ነው።