ዝቅ ያለች መኪና በዝናብ አገር

ባልና ሚስት ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ዘመድ ጉዳይ ቁጭ ብለው ይመካከራሉ። ስለ መኪና ጎማስ ተመካክራችሁ ታውቃላችሁ? በብዙ ቤት ጎማ የባል ጉዳይ ነው፤ ባልም ቢሆን የሚያስታውሰው ጎማው ሲተነፍስ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ርዕስ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት የመኪና ባለሙያ ሆኜ አይደለም። የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ስለ ጎማ አያስተምሩም። ነገር ግን አንድ የቤት መኪና መንገዱን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ባለቤቴና ልጆቼ በዝናብ የሚሄዱት በእነዚህ አራት መዳፎች ላይ መሆኑን ሳውቅ፣ ነገሩን ለባል ብቻ መተው አልሆነልኝም።

የምንኖረው ባሌ ሮቤ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በሻሸመኔ መንገድ ዲንሾ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድማ ሳነቴን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዝናቡም እንደ መሐል አገር ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ አይሰናበትም። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ወቅት «ጋና»፣ ሌላውን «ቦና» ይለዋል። ጋና ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦና ደግሞ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው። ይህ ለስንዴውና ለገብሱ ትልቅ በረከት ነው። ለሹፌር ግን የዓመቱ አብዛኛው ክፍል እርጥብ አስፋልት ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ትራክተሩና ጋሪው ከሲናና ማሳ ጥቁር ጭቃ ይዘው አስፋልት ላይ ይወጣሉ። ያ ጭቃ ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

እንግዲህ ወደዚህ አገር ነው አንዲት ዝቅ ያለች ኮሮላ የመጣችልን። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሳለ በወጣትነቱ ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰባት መኪና ናት። አጭር ሞላ አስገብቶላት ከመሬት ብዙም አትርቅም። በ14 ኢንች ቸርኬዋ ፈንታ የሚያብረቀርቅ የ16 ኢንች ቸርኬና ስስ ጎማ አድርጎላታል። ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል በርካሽ ለእኛ ለቀቀልን። ሲሰናበተኝ «እቴቴ፣ ከፈለግሽ ቀለሟን ቀይሪው፤ ብቻ ከፍ እንዳታስደርጊያት» አለኝ። እኛም ቃል ገባን። ሌሎች መኪናቸውን ስፔሰር አስገብተው ከፍ በሚያስደርጉበት አገር፣ የእኛዋ እንደ ተንበረከከች ቀረች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ እንዲህ ያለች አሮጌ መኪናም ተንከባክበው የሚይዟት ንብረት ሆናለች።

ባለፈው ግንቦት ከአዳባ ስንመለስ ዲንሾን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። ባለቤቴ ይነዳል፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ከኋላ ተኝተዋል። ፍጥነታችን ከ70 አይበልጥም ነበር። ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መሪው ቀለለኝ» አለ። ፍሬን አልረገጠም፤ ነዳጁን ብቻ ለቀቀ። መኪናዋ ግን በራሷ ፈቃድ ወደ ቀኝ ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ እንኳ አልነቁም። እኔና እርሱ ግን ለረጅም ጊዜ ቃል ሳንለዋወጥ ተቀመጥን። ከዳገቱ ሥር ወንዝ መኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ሮቤ ወዳለ ጎሚስታ ሄድን። እኔ ከውጭ ሳየው ጎማው ገና ጥርስ አለው። ጎሚስታው ግን መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ «አዴ፣ እስቲ እጅዎን ከውስጥ በኩል ያስገቡ» አለኝ። በመዳፌ ዳሰስኩት። የውጪው ጠርዝ ሸካራ ነው፤ የውስጠኛው ጠርዝ ግን እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ምክንያቱን አስረዳን። መኪና ሲዘቀዘቅ ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ያጋድላል። ክብደቱ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው ሰው በማያይበት በኩል ያልቃል። ስለዚህ ዝቅ ያለች መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ ጎማችሁን ቆማችሁ አትመልከቱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከውስጥ ዳስሱት። መኪና ከተዘቀዘቀ በኋላም አላይመንት ሳይስተካከል አዲስ ጎማ መግዛት ገንዘብን ጭቃ ላይ መበተን ነው። ሞላ ማስቆረጥን በተመለከተም ምክሩ ጥብቅ ነበር። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፤ መኪናው ሲነጥርም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ደግነቱ የእኛው ወጣት ለዚሁ የተሠራ አጭር ሞላ ነበር ያስገባው።

ታዲያ መሪው ለምን ቀለለ? የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውሃን ከመካከል ገፍቶ ማውጣት ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ወይም ፍጥነቱ ሲበዛ ውሃው መውጫ ያጣና ከጎማው ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ጎማው መንገዱን ለቅቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪም ፍሬንም አይሠሩም። አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ይኖረዋል። በአውሮፓ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዝናብ መንገድ ግን ብዙ ባለሙያዎች 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ይቀየር ይላሉ። ሰፊ ጎማ ደግሞ ብዙ ውሃ መግፋት ስላለበት ከጠባቡ ቀድሞ ይንሳፈፋል። ያ የሚያብረቀርቀው ሰፊ ጎማ በደረቅ የአዲስ አበባ አስፋልት ጌጥ ነበር፤ በዲንሾ ቁልቁለት ግን ሸክም ሆነብን።

እስቲ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አብረን እናንብብ። በእኛ ጎማ ላይ የነበረው 195/45 አር 16 ነው። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 ማለት የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 45 በመቶ ነው፤ ይህም 88 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አሁን 175/65 አር 14ን እንመልከት። የጎኑ ከፍታ 114 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱም ጎማዎች ጠቅላላ ከፍታ ሲሰላ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ልዩነታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! እንግዲህ መኪናዋ ከፍ አትልም፣ የፍጥነት ቆጣሪውም አይዛባም፤ ነገር ግን በቸርኬውና በጉድጓዱ መካከል 26 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ጎማ ይገኛል። ለእህቴ ልጅ የገባነው ቃልም ሳይፈርስ ይቀራል።

«ታዲያ ከፍ ያለ ጎማ ለምን አንገዛም?» ብሎ ባለቤቴ ጠየቀ። ለምሳሌ 175/70 አር 14 ጠቅላላ ከፍታው ወደ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ለሌላ ኮሮላ ምንም አይደለም። ዝቅ ባለች መኪና ላይ ግን አምስት ሰው ተሳፍሮ፣ ከኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ፣ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይልጠዋል። ጥርሱ ትላልቅ የሆነው የጭቃ ጎማስ? ለእርሻ መንገድ መልካም ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የእኛ መንገድ ደግሞ በአብዛኛው አስፋልት ነው።

የእህቴ ልጅ ስልክ ስደውልለት ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የድሮዎቹ ቸርኬዎች እናቱ ቤት እንዳሉ ነገረኝ። አራቱም ከነጎማቸው በአውቶብስ ፖርቶ መጋላ ተጭነው መጡ። እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት አለ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ። ከመጡት ሁለቱ ላይ 0812 የሚል ነበረ፤ በ2012 በስምንተኛው ሳምንት ተሠሩ ማለት ነው። ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፤ ጎናቸው ግን እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ከአሥር ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢኖርም መተው ይመከራል። የቀሩት ሁለቱ ግን አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ ጥርሳቸውም ገና ጥሩ ነበር። ስለዚህ የሚጎድለን ሁለት አዲስ ጎማ ሆነ።

የሚያስቸግረው እዚህ ጋ ነበር። በእጃችን የነበረው ገንዘብ የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ልንቀይርበት ለወራት ያጠራቀምነው ነው። ባለቤቴ ቆርቆሮው ይቅደም አለ። እንዲህ ያለው ለእኔ ብሎ ነው፤ በየቀኑ ከድስቱ አጠገብ ባልዲ ደቅኜ እንደምሠራ ያያል። «ያገለገለ ጎማ በርካሽ እንፈልግ» አለ። ያገለገለ ጎማ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ታሪኩን አታውቁም፤ ጥርሱ በጋለ ቢላ ተቀርጾ አዲስ መስሎ የሚሸጥም አለ። ጎኑ ያበጠ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ክሩ ተበጥሷል፤ ያ አይለጠፍም፣ አይጠገንም። እኔም «ቤቱ ቢያፈስ ባልዲ ይደረግበታል፤ ለሚንሸራተት መኪና ባልዲ የለውም» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ግን ዝም አለ፤ ስለዚያ ሣር እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። ስሶቹን ቸርኬዎች በእህቴ ልጅ ፈቃድ ሸጥን፤ ከቆርቆሮው ገንዘብ ላይም ጨምረን ሁለት አዲስ ጎማ ገዛን።

አዲሶቹ የት ይግጠሙ? ባለቤቴ መኪናዋ የምትጎትተውም የምትታጠፈውም በፊት እግሯ ስለሆነ ከፊት ይሁኑ አለ። የሚመስለውም እንደዚያው ነው። የጎማ አምራቾች ምክር ግን ተቃራኒ ነው፤ የተሻለው ጎማ ከኋላ ይሁን ይላሉ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው ይነግራችኋል፤ ፍጥነት ስትቀንሱም ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። አዲሶቹን ከኋላ አደረግናቸው።

ስለ ነፋስም ልጨምር። በዝናብ ጊዜ ነፋሱን ቢያጎድሉት መሬት ይይዛል የሚሉ አሉ። ለእርጥብ አስፋልት ይህ ትክክል አይደለም። በ1960ዎቹ በናሳ ተመራማሪዎች የተሠራ አንድ ስሌት አለ። ለአውሮፕላን ጎማ የወጣ ቢሆንም ለእኛም ግምት ይሰጣል። በዚያ ስሌት 30 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ ያለው ጎማ ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲንሳፈፍ፣ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ያለው ግን 75 ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋሱ ባነሰ ቁጥር መንሳፈፉ ይቀድማል ማለት ነው። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተጽፏል። መለካት ያለበትም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ አንድ ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል፤ የጎባን ብርድ የምታውቁ ይህ ከንቱ ምክር እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ጋናው አልፎ ቦናው ገባ። ዲንሾን በዝናብ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል፤ ባለቤቴ ውሃ የተኛበት ሲያይ አስቀድሞ ፍጥነት ይቀንሳል። ጎማ ጥንቃቄን አይተካምና። ወደ ሳነቴ ግን በዚህች መኪና አንወጣም። ቱሉ ዲምቱን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣብን ከፍ ያለ መኪና እንከራያለን፤ ባለቤቴም ደሎ መና ሲጠራ በአውቶብስ ይሄዳል። ዝቅ ያለች መኪና መልካም ጎማ ብታደርግም ሆዷ መሬት እንደሚነካ መርሳት አይገባም።

የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ እስካሁን አልተቀየረም። ባልዲውም በቦታው አለ።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አብራችሁ ውጡ። አንዳችሁ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩ፤ ሌላችሁ እጃችሁን ከውስጥ በኩል አስገብታችሁ ጠርዙን ዳስሱ። አራቱን አሃዝ ፈልጋችሁ አንብቡ። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያረጀው እርሱ ነው። ከዚያ ስለ ገንዘቡ ተነጋገሩ። የትኛው ነገር ባልዲ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው አብራችሁ ለዩ።